ባቡር ያልደረሰበት ሐዲድ
ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ ከሞጣም እስከ ሰባራ ድልድይ በእግር

አንባቢ ሆይ! «ሐዲድ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ በመጀመሪያ በሐሳብዎ የሚመጣው ለገሐር መሆኑ አያጠራጥርም። ስሙ ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ፤ ከዚያም ከብዙ ድካምና ከብዙ ክርክር በኋላ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱም 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የዚያ የአሮጌው ባቡር ፉጨት ከአዲስ አበባ ከጠፋ በኋላ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሐዲድ ላይ ተዘርግቶ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ።

ታዲያ ባቡር የተወው ሐዲድ ምን ይሆናል? በብዙ አገር ብረቱ ተነቅሎ ይሸጣል፤ ከሥሩ ያለው እንጨትም ይለቀማል። የተደለደለው መሬት ግን ባለበት ይቀራል። በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን፣ ኤልሮይና ስፓርታ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ከተሞች አሉ። በመካከላቸው ይመላለስ የነበረው ባቡር ሥራውን ባቆመ ጊዜ መንግሥት መሬቱን ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1967 ለእግረኛና ለቢስክሌት ከፈተው። መንገዱ 51 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ተራራ ሰንጥቀው የሚያልፉ ሦስት ዋሻዎች አሉት። በመካከሉ ያሉት የገጠር ከተሞች፣ ኬንዳል፣ ዊልተንና ኖርዎክ፣ ባቡሩ ሲሄድባቸው ጭር ሊሉ ነበር፤ ዛሬ ግን እግረኛው ያድርባቸዋል፣ ይበላባቸዋል። የኬንዳል ጣቢያም መንገደኛ የሚቀበል ቤት ሆኗል። እስጳንያም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የተተዉ ሐዲዶቿን እየጠረገች «አረንጓዴ መንገዶች» ብላቸዋለች።

የእነዚህ መንገዶች ምሥጢር ቀላል ነው። ባቡር ዳገት አይወድም። በመቶ ሜትር ጕዞ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሜትር ከፍ ማለት ካለበት ሎኮሞቲቩ ማቃሰት ይጀምራል። ስለዚህ መሐንዲሱ ተራራውን እየዞረ፣ ሸለቆውን እየደለደለ፣ ለሽማግሌና ለሕፃን ሳይቀር የሚመች ለጥ ያለ መንገድ ትቶ ይሄዳል።

በጎጃም ምድር ባቡር አልሄደም፤ ሐዲድም አልተዘረጋም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ስለ ምን አነሣነው ቢሉ፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል ያለ መሐንዲስ የተቀየሰ ሐዲድ ስላለ ነው። የቀየሰውም በቅሎ ነጂው ነው።

መሐንዲስ ያላየው ቅየሳ

ካርታ ዘርግተው ምሥራቅ ጎጃምን ይመልከቱ። በስተምዕራብ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ ተቀምጧል። በስተሰሜን፣ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ደግሞ ከጣና የወጣው ዓባይ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ በጥልቅ ገደል ውስጥ ይሄዳል። በተራራውና በገደሉ መካከል የቀረው አገር አንድ ሰፊ መደርደሪያ ይመስላል። ከመደርደሪያው ወደ ላይ ቢወጡ ውርጩ፣ ወደ ታች ቢወርዱ በረሃው ይጠብቅዎታል። መንገዱ የሚሄደው በዚሁ መደርደሪያ ላይ ነው።

አሁን ከፍታውን ይመልከቱ። ቢቸና 2540 ሜትር ያህል፣ ሞጣ ደግሞ 2490 ሜትር ያህል ከባሕር ወለል በላይ ናቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል በአየር ላይ ቢለካ 80 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ የከፍታቸው ልዩነት ግን 50 ሜትር ብቻ ነው። የባቡር መሐንዲስ ይህን ቢሰማ መሣሪያውን ይዞ በማግሥቱ በመጣ ነበር።

ቢመጣ ግን አንድ ችግር ይገጥመዋል። ከጮቄ የሚመነጩት ወንዞች ሁሉ፣ ሱሃን የመሳሰሉት፣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ መደርደሪያውን በመጥረቢያ እንደ ተመታ ግንድ እየሰነጠቁ ያልፋሉ። ስለዚህ ከቢቸና እስከ ሞጣ የሚሄድ እግረኛ የሚደክመው በከተሞቹ ከፍታ ሳይሆን በወንዞቹ ነው። ለጥ ባለው ሜዳ ሁለት ሰዓት ይሄድና ድንገት መሬቱ ከእግሩ ሥር ይከፈታል፤ ይወርዳል፣ ይሻገራል፣ ይወጣል። እንደገናም ሜዳ። በክረምት ደግሞ አንድ ወንዝ ብቻ ሞልቶ አላሻግር ሲል መንገዱ ሁሉ ይዘጋል። ስለዚህ በዚህ አገር የመንገድ ነገር ሲነሣ ዞሮ ዞሮ የመሻገሪያ ነገር ይሆናል። ይህን ሐሳብ ይያዙልን፤ ወደ ሞጣ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ዛሬ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚደርሰው የመኪና መንገድ ይህንኑ የደጋ ጀርባ ይከተላል። በደብረ ማርቆስ በኩል ከሚዞረው ይልቅም አጭር ነው። ነገር ግን ገበያተኛው፣ ተማሪውና ባለ ጭነቱ አሁንም ከመኪናው መንገድ እየተገነጠሉ በአቋራጭ ይሄዳሉ። እርስዎም መከተል ያለብዎ እነሱን ነው።

በዚህ መንገድ ማን አለፈ?

በመጀመሪያ ያለፈው ነጋዴው ነው። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ብቻውን አይጓዝም። ሽፍታና ኬላ ስላለበት ከጓደኞቹ ጋር ተቀጣጥሮ፣ በቅሎውንና አህያውን ጭኖ፣ ነጋድራሱን አስቀድሞ ይሄዳል። ከሰሜን የሚመጣው አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ እንደ ገንዘብም እንደ ቅመምም ያገለግል ስለ ነበረ፣ ከተቆረጠበት ከአፋር ምድር በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምር ነበር። ከደቡብ ደግሞ ከዓባይ ማዶ የመጣ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎጃም ገብቶ ወደ ጎንደር ይሻገር ነበር። ከዕቃው ጋር ባሮችም ይነዱ እንደ ነበረ መደበቅ አይገባም። የምሥራቅ ጎጃም ገበያዎች እርስ በርሳቸው የተያያዙት፣ ከበጌምድርም ጋር የተገናኙት በእነዚህ የበቅሎ መንገዶች ነው።

ሁለተኛው የቆሎ ተማሪ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለምዱን ደርቦ፣ ውሻ የሚከላከልበትን ዱላ ይዞ ከደብር ወደ ደብር የሚዞረው ተማሪ ከነጋዴው ይልቅ መንገዱን ያውቀዋል። ጎጃም የቅኔ አገር እንደ መሆኗ መጠን ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ደብረ ኤልያስን፣ ዲማን የመሳሰሉ ጉባኤ ቤቶች በየአቅጣጫው ስላሉ፣ ተማሪው መምህር ፍለጋ ብዙ ወንዝ ይሻገራል። እርስዎ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሸጋገሩትን እሱ ከአገር ወደ አገር በእግሩ ይሄድ ነበር።

ሦስተኛው ወታደርና ግብር ሰብሳቢ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ «ርስቴ ሊለካ፣ ሊወሰድ ነው» ብሎ ሠጋ። የሞጣና የቢቸና አውራጃዎች የእምቢታው ዋና ሥፍራዎች ነበሩ። ገማቾች ተባረሩ፤ ጦርም ተላከ፤ አውሮፕላንም በመንደሮች ላይ ቦምብ ጣለ። በመጨረሻው ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሥተው በ1961 ዓ.ም. የቆየው የግብር ውዝፍ ተማረ። በዚያን ጊዜ ስልክና ጋዜጣ በየመንደሩ ሳይኖር ገበሬው ምክሩን ያዳረሰው በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ወሬው ከገበያ ወደ ገበያ የሄደውም እርስዎ አሁን በሚረግጡት በዚህ መንገድ ነው።

መነሻ፤ ቢቸና

ቢቸና ሲደርሱ በመጀመሪያ የሚያዩት ጥቁሩን አፈር ነው። ይህ ዋልካ የሚባለው አፈር በበጋ እየተሰነጠቀ አፉን ይከፍታል፤ በክረምት ደግሞ የጫማ ሶል ይዞ ያስቀራል። ከቆሎ ተማሪ እስከ ባለ መኪና ያላማረረው የለም። ነገር ግን ጤፍ የሚወደው ይህንኑ አፈር ነው። ምሥራቅ ጎጃም በአገራችን ብዙ ጤፍ ከሚያመርቱት ክፍሎች አንዱ ስለ ሆነ፣ በአዲስ አበባ የሚቆርሱት እንጀራ ምናልባት ከዚሁ ማሳ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ቢቸና በቀድሞው ዘመን የአውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የእነማይ ወረዳ ከተማ ናት። በጠላት ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ በዚህ አገርና ከሥሩ ባለው በዓባይ በረሃ የተዋጋው በላይ ዘለቀ፣ በፈረሱ ስም አባ ኮስትር፣ ከነጻነት በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን ተሾመ። ኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ተያዘና በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሞተ። ስሙን በቢቸና ቢያነሡ የሚሰማዎ ሽማግሌ አያጡም፤ እርስዎ ግን ከመናገር ይልቅ መስማትን ይምረጡ።

ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ ይገኛል። ስሙ ለጆሮዎ አዲስ እንደማይሆን እርግጠኞች ነን። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» አብዛኛው ነገሩ የሚፈጸመው በዲማ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን አገር በዓይኑ ሲያይ የሚሰማው ደስታ ልዩ ነው። አንድ ነገር ግን ያስተውሉ። በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ ሰዎቹ ሁሉ መንገደኞች ናቸው። በዛብህም ሰብለም ጉዱ ካሳም ኑሯቸው የተለወጠው መንገድ በጀመሩ ቀን ነው። ደራሲው ያን የመንገድ ድካም በተማሪነታቸው በእግራቸው ያወቁት እንጂ በወሬ የሰሙት አይደለም።

ከቢቸና ሲነሡ ስንቅዎ ቀላል ይሁን። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ለዘመናት የተፈተኑ የመንገደኛ ምግቦች ናቸው፤ አይሻግቱም፣ አይከብዱም። ማልዶ መነሣት፣ ፀሐይ ሲበረታ በዛፍ ጥላ ማረፍ፣ ሳይመሽ መድረስ የነጋዴው ሕግ ነበር። ለእርስዎም ይሠራል።

ከደብረ ወርቅ እስከ ግንደ ወይን

በመጀመሪያው ቀን ደብረ ወርቅ ይደርሳሉ። «ደብር» በግእዝ ተራራ ማለት ነውና ስሙ የወርቅ ተራራ ማለት ይሆናል። በጥንታዊ ገዳምነቱና በትምህርት ቤቱ የታወቀው የደብረ ወርቅ ማርያም ደብር እዚህ ነው። ገዳም ሲገቡ ጫማ ማውለቅና ፈቃድ መጠየቅ ለእንግዳ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። ፎቶግራፍ ለማንሣትም አስቀድመው ይጠይቁ።

ከደብረ ወርቅ በፈለገ ብርሃን በኩል አልፎ መንገዱ ወደ ግንደ ወይን ይወስድዎታል። እዚህ አካባቢ ሲደርሱ የወረዳዎቹን ስሞች ልብ ብለው ያንብቡ። ግንደ ወይን ያለችበት ወረዳ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ይባላል። ሞጣ ያለችበት ደግሞ ሁለት እጁ እነሴ ይባላል። ሲሶ ከሦስት አንድ እጅ ነው። የቀረው ሁለት እጅ ነው። እነሴ የሚባለው አንድ አገር ለሦስት ተከፍሎ፣ አንዱ እጅ በአንድ ወገን፣ ሁለቱ እጅ በሌላው ወገን እንደ ቀረ ስሙ ራሱ ይናገራል። በመሥሪያ ቤት ውስጥ በየቀኑ የወረዳ ስም በደብዳቤ ላይ የሚጽፉ ጸሐፊ ከሆኑ፣ የጻፉት ስም የድሮ የመሬት ድርሻ ስሌት እንደ ሆነ ሲረዱ ብዕርዎ ለአንድ አፍታ መቆሙ አይቀርም።

ጊዜ ካለዎት ከግንደ ወይን ወደ ምሥራቅ ይገንጠሉና መርጡለ ማርያምን ይዩ። መርጡል በግእዝ አዳራሽ ማለት ነው። በዚህ ሥፍራ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ ናቸው። እቴጌይቱ የሐድያ ገዥ ልጅ ነበሩ፤ በልብነ ድንግል ሕፃንነት አገር ያስተዳደሩ፣ ማቴዎስ የተባለውንም መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩ ብልኅ ሴት ናቸው። ሕንፃው በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ጠፋ፤ በ17ኛው ምእተ ዓመት ኢየሱሳውያን በፍራሹ ላይ ዳግመኛ ገነቡ። ዛሬም የቆመው ግድግዳና በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ሐረግ ይታያል።

ማደሪያ ነገር ቢያሳስብዎ፣ በወረዳ ከተሞቹ አልቤርጎ አይጠፋም። በገጠር ከመሸብዎ ግን የጥንቱን ደንብ ይከተሉ። ከአጥሩ ውጭ ቆመው «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብለው ድምፅዎን ያሰሙ። ውሻው እስኪያዝ ይታገሡ። ሲገቡም ከየት እንደ መጡና የማን ልጅ እንደ ሆኑ መጠየቅዎ አይቀርም፤ ይህ ምርመራ አይደለም፣ ትውውቅ ነው። ሲለያዩ ለአባወራው ገንዘብ መዘርጋት ነውር ሊሆን ስለሚችል፣ ለልጆቹ ደብተርና እርሳስ ወይም ለእማወራዋ ቡና ይዞ መሄድ የተሻለ ነው።

ሞጣና ሰባራው ድልድይ

በአራተኛው ቀን ገደማ ሞጣ ይገባሉ። ሞጣ የገበያ ከተማ ናት። ክርስቲያኑ ገበሬና እስላሙ ነጋዴ ለብዙ ዘመን አብረው ተገበያይተውባታል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የከተማይቱ መስጊዶችና የእስላም ነጋዴዎች ሱቆች በእሳት የጋዩበት ቀን ይህን አብሮነት ክፉኛ አቁስሎታል። የመንገዱን ታሪክ የምናወራ ከሆነ ይህም የታሪኩ ክፍል ነው፤ ያለ ነጋዴው መንገዱ መንገድ አይሆንም ነበርና።

ከሞጣ ማልደው ይነሡና ወደ ሰሜን ይውረዱ። ደጋው ያልቃል፤ አየሩ ይሞቃል፤ ዓባይ ይታያል። በዚያ ከገደሉ ሥር ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ ቅስት ያለው አሮጌ ድልድይ ቆሟል። ሰባራ ድልድይ የሚባለው ይህ ነው።

በመጻሕፍት «ሁለተኛው የፖርቱጋል ድልድይ» እየተባለ ይጠራል። የመጀመሪያው በጢስ ዓባይ አጠገብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የአላታ ድልድይ ነው። ይህ ሁለተኛው ግን እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡት እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ነው። ድልድዩ የተሠራው እነሱ ከሄዱ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ስሙ ፖርቱጋላዊ ቢሆንም፣ ኖራ ማቡካትንና ቅስት ማቆምን ቀድሞ የተማረ የአገራችን ግንበኛ የሠራው ነው ማለት ለአእምሮ የቀረበ ነው።

ድልድዩ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጎጃምንና በጌምድርን አገናኘ። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ግን አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት ብለው የመካከሉን ቅስት አፈረሱት። «ሰባራ» የሚለው ስሙም የመጣው ከዚህ ነው። የሰበሩት የራሳቸውን መንገድ ነበር፤ ዋጋውንም ልጆቻቸው ከፈሉ። ጦርነቱ አለቀ፣ ጠላት ወጣ፣ መንግሥት ተለዋወጠ፤ ቅስቱ ግን እንደ ተሰበረ 60 ዓመት ያህል ቆየ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው መሻገሩን አልተወም። በሁለቱም ወገን በፍራሹ ጫፍ ላይ የቆሙ ጐልማሶች ገመድ ይወረውራሉ። ተሻጋሪው ገመዱን በወገቡ ያስራል። ከዚያ በኋላ አንዱ ወገን እየለቀቀ፣ ሌላው ወገን እየሳበ፣ ከሚጐርፈው ዓባይ በላይ አንጠልጥለው ያሻግሩታል። ገበያተኛም፣ ለቅሶ ደራሽም፣ ሐኪም ፈላጊም እንዲሁ ያልፍ ነበር። ሐዲድ የሌለበት አገር ሐዲዱን በገመድ ሠራ ማለት ይቻላል።

ይህ አሻጋገር በፎቶግራፍ ተነሥቶ «ናሽናል ጂኦግራፊክ» በሚባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የተባለ የሕንፃ ተቋራጭ ፎቶግራፉን አይቶ ድልድዩን ልጠግን ብሎ ተነሣ። በማግሥቱ ዓመት የብረት ድልድይ ተገጣጣሚ ክፍሎች በሰውና በአህያ ጀርባ ገደሉን ወርደው በተሰበረው ቅስት ላይ ተዘረጉ። ከዚያ ሥራ የተነሣም በልዩ ልዩ አገር ለገጠር ሕዝብ የእግር ድልድይ የሚሠራ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። በዓለም ላይ የብዙ ድልድዮች አባት የሆነው ይህ የጎጃም ሰባራ ድልድይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ዓባይ ገና አልረታም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣው ጐርፍ የተጠገነውን ክፍል ጠራርጎ ወሰደው። ሰዎቹም በዚያው ላይ ዳግመኛ ከመጠገን ይልቅ ሌላ ሥፍራ መረጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 በብረት ገመድ የተንጠለጠለ አዲስ የእግር ድልድይ ጐርፍ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ተሠርቶ አለቀ። የድሮው ገመድ በወገብ ይታሰር ነበር፤ የዛሬው ገመድ ደግሞ ከእግር በታች ተወጥሯል። ሰውም ከብትም ይሻገርበታል።

ለመሄድ የሚያስብ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ፣ እውነቱን መናገር ይገባል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት የቢቸናና የሞጣ መንገድ ለመንገደኛ አስጊ ሆኖ ቆይቷል፤ ብዙ ጊዜም ተዘግቷል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ «ነገ ተነሥተው ይሂዱ» አይልዎትም። ከአካባቢው ሰው ሳይጠይቁ፣ ሰላም መሆኑን ሳያረጋግጡ አይነሡ። የመንገዱ ታሪክ ራሱ እንደሚያስተምረው ጦርነት አንድ ቅስት ለመስበር አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ቅስቱን ለመመለስ ግን የሰው ዕድሜ ይፈጃል።

ሁለተኛ፣ ሰላም ሲሆን ጊዜውን ይምረጡ። ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዞቹ ሞልተው ዋልካውም ስለሚያሰምጥ አይሞክሩት። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ግን እህሉ የሚታጨድበትና የሚወቃበት፣ አየሩም የጠራበት ስለ ሆነ የሚመረጥ ነው። ተማሪ ከሆኑ በዕረፍትዎ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ በዓመት ፈቃድዎ ሊያደርሱት ይችላሉ። ወጪውም ለትንሽ ደመወዝ የሚከብድ አይደለም፤ እግር ቤንዚን አይጠይቅምና።

ሦስተኛ፣ ደብተርና እርሳስ ይያዙ። የኤልሮይና የስፓርታ መንገድ ሊቀር የቻለው ባቡሩ ሲሄድ መሬቱ የት የት እንደ ሄደ በካርታ ላይ ስለ ተጻፈ ነው። የእኛ የበቅሎ መንገድ ግን በካርታ ላይ አልተጻፈም፤ የተጻፈው በሽማግሌዎች ልብ ውስጥ ነው። ነጋዴ ያርፍበት የነበረው ዋርካ የት ነው? ኬላው የነበረው በየትኛው ወንዝ አፋፍ ነው? በበጋ የማይደርቀው ምንጭ የትኛው ነው? መልካው በክረምት ሲሞላ ሰው የሚዞረው በየት በኩል ነው? እነዚህን አራት ጥያቄዎች በየመንደሩ ለአንድ ለአንድ ሽማግሌ ቢያቀርቡና መልሱን ከቦታው ስም ጋር ቢጽፉ፣ አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቶች ለእግረኛ የድንጋይ ምልክት እንትከል፣ ጥላ የሚሆን ዛፍ እንጠብቅ ቢሉ መነሻ ያገኛሉ። በኬንዳል የሆነው በግንደ ወይንም የማይሆንበት ምክንያት የለም።

መጨረሻም አንድ የመንገድ ሥርዓት እናስታውስዎ። በተንጠለጠለው ድልድይ ላይ ሲደርሱ ከማዶ ጭነት የያዘ ሰው የሚመጣ ከሆነ፣ ዳር ቆመው እስኪሻገር ይጠብቁ። እርስዎ አገር ለማየት ነው የመጡት፤ እሱ ግን ገበያ ይዘጋበታል።